አፎትና አፉታ

ጋሽ ይማም ሞቱ ተብሎ ስልክ ሲደወልልኝ ሚኒባሱ የሀረጎን ቁልቁለት እየወረደ ነበር። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ሹፌሩ ጡሩምባ እየነፋ በግምት ነው የሚሄደው። የደወሉልኝ እህታቸው እትዬ ሉባባ ናቸው። «ወንድሜ አለፈ፣ ዱአ አድርጊለት» አሉኝና ዘጉት። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ «እህት፣ እዚህ ገደል ላይ ወርደሽ የት ልትሄጂ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ በሌላ መኪና ደሴ ስመለስ ጀናዛው ወጥቶ፣ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ጋሽ ይማም የሞቱት የአንዲት ሴት ይቅርታ ሲጠብቁ ነው። ይቅርታውን እንዳመጣላቸው የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ይዤላቸው የመጣሁት ግን ሌላ ነገር ነው። የሚቀጥለውን ሁሉ ይህን እያወቃችሁ አንብቡት፤ ኋላ ደበቀችን እንዳትሉኝ።

ሥራዬ ደም መመርመር ነው። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ኮምቦልቻ ተመድቤ ስመጣ ሙቀቱን አልቻልኩትምና ደሴ ላይ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። በግቢያችን በር ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ የጋሽ ይማም የአፎት መስፊያ ናት። አፎት ማለት የሰይፍ ማኖሪያው፣ ልብሱ ነው። እሳቸው ግን «ልብስ ይወለቃል፣ ይታጠባል፤ አፎት ቤት ነው» ይላሉ። ከአያታቸው ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው። ለሠርጉ ጎራዴ የተከራየ ሙሽራ፣ የባህል ቡድን፣ የአባቱን ሰይፍ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ፣ ሁሉም አፎቱ ሲቀደድበት እሳቸው ዘንድ ይመጣል።

አጭር፣ ደቃቃ ሰው ነበሩ። ጣቶቻቸው በቆዳ ቀለም ቀልተው ቀርተዋል፤ ወስፌያቸውን ኮፍያቸው ላይ ይሰኩና ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉት ይውላሉ። መጀመሪያ የተዋወቅን ዕለት ሥራዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ ዘመድ ነና!» አሉ። «እኔ ደም ለሚያፈሰው ቤት እሠራለታለሁ፣ አንቺ የፈሰሰውን ትቀጃለሽ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ደም ቀጂዋ ሆኖ ቀረ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደም ቀጂዋ ይለኝ ጀመር፤ አንዳንዱ እስካሁን እውነተኛ ስሜን አያውቀውም።

ስለ ስለት ሲያወሩ ሰዓት አያውቁም። ሦስቱን ጉልበታቸው ላይ ይደረድራሉ፤ ቀጥ ያለው ሰይፍ፣ ጎበጥ ያለው ጎራዴ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈው ሾተል።

«ሰይፍ ፊት ለፊት ነው የሚመጣ። ጋሻ ካለሽ ትመክቺዋለሽ። ጎራዴ የፈረሰኛ ነው። ፈረስ እየጋለበ ቀጥ ባለ ስለት የወጋ ሰው፣ ስለቱ እዚያው ተሰክቶ ይቀርበታል፤ እሱንም ጎትቶ ከፈረሱ ያወርደዋል። ጎባጣው ግን ቆርጦ ያልፋል፣ ተንሸራቶ ይወጣል። ቱርኩም፣ ፋርሱም፣ ህንዱም ፈረስ ላይ ሲወጣ ስለቱን ያጎበጠ ለዚህ ነው። የኛም ጎራዴ ብዙው ስለቱ በባሕር የመጣ ነው፤ ፈረንጅ አንበሳ ይቀርጽበትና ይልከዋል፤ እኛ እጀታና ቤት እንሰጠዋለን።»

«ሾተልስ?» እላለሁ፤ ሳልጠይቅ ካለፍኩ ይቀየማሉ።

«ሾተል የኛው ነው» ይሉና በቀኝ እጃቸው አየሩ ላይ ግማሽ ክብ ይስላሉ። «ሾተል ከጋሻሽ ጋር ጠብ የለውም። ጋሻሽን ዞሮ ነው የሚመጣ። አንቺ ፊትሽን ሸፍነሽ ቆመሻል፤ እሱ ከጋሻው ጀርባ፣ ከትከሻሽ ላይ ነው። ችግሩ ራሱን መከላከል አያውቅም። ሌላ ስለት ቢመጣበት አይመክት፤ ጫፉ ይከብዳል፣ ከቤቱም በግድ ነው የሚወጣ። ጠመንጃ ሲመጣ ጋሻ ቀረ፤ ጋሻ ሲቀር ሾተል ሥራ ፈታ። ጠላቱ ጋሻ ነበራ!»

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ሠርግ ተጠርተን አብረን ሄድን። የባህል ቡድኑ አውራ ሾተል ታጥቆ እየፎከረ ገባ። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ አዲስ ሾተል ነው፤ እሱ ምንም አይደል፤ የታጠቀው ግን በግራው ነው። ጋሽ ይማም ሥጋውን ትተው ተነሱ። «በቀኝ ነው! በቀኝ! አሁን ሲመዝዘው የገዛ ሆዱን ይተለትላል!» ኮታቸውን ብጎትት ብጎትት እምቢ አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። እሳቸው መሀል ድረስ ሄደው የልጁን መታጠቂያ ፈቱና በቀኙ አዙረው አሰሩለት፤ ከዚያ መጥተው ሥጋቸውን ጨረሱ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጦርነቱ ከተማችን ድረስ በመጣ ሰሞን ግን የሚስቅ አልነበረም። አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ የአባቱን ጎራዴ ይዞ መጣና «ይሳሉልኝ ጋሽ ይማም» አላቸው።

«ማንን ልታርድበት?»

«የመጣውን ነዋ!»

«የመጣው መድፍ ይዞ ነው የመጣ፣ ልጄ። እኔ ቤት ነው የምሠራለት፤ ጥርስ አላወጣለትም።» ተቀበሉትና ጎራዴውን አፎቱ ውስጥ ከተው፣ የአፎቱን አፍ በሰም በተቀባ ክር ሰፉት። «ይህ ቀን ሲያልፍ ና፣ እፈታልሃለሁ» አሉት። ሰውየው ተሳድቦ ወሰደው። ቀኑ አለፈ፤ እሱ ግን ተመልሶ አልመጣም። ጋሽ ይማም ወሬውን ጠይቀው ጠይቀው ተዉት።

በሱቃቸው ግድግዳ ላይ አንድ ሾተል ራቁቱን ተሰቅሏል። የአያታቸው ነው። አፎት ሰፊ ቤት ውስጥ አፎት የሌለው ሾተል! የመጣ ሁሉ ይጠይቃቸዋል። «ቤቱ ሄዷል» ነው መልሳቸው፤ ሌላ አይጨምሩም። የት እንደሄደ ያወቅሁት ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ከምርመራ ክፍሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው።

ቡአ ሊያስወጡ ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት የደም ዓይነታቸውን አየሁላቸው። «ኦ ፖዘቲቭ ነዎት» አልኳቸው። ፖዘቲቭ ምንድን ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ አንዴ አፌን ከከፈትኩ አልመለስም። «ባል ፖዘቲቭ፣ ሚስት ኔጌቲቭ ከሆነች ጣጣ አለው ጋሽ ይማም። የመጀመሪያው ልጅ ደህና ይወለዳል። ሲወለድ ግን ደሙ የእናቱን ደም ይነካል። የእናትየው ደም ጠላት መጣ ብሎ መከላከያ ያበጃል። ያ መከላከያ ለሚቀጥሉት ልጆች ነው የሚተርፈው፤ ይወለዱና ቢጫ ሆነው ይሞታሉ። አገሩ ሾተላይ የሚለው እሱን ነው። ዛሬ መርፌ አለው፤ ቀድሞ ከታወቀ ልጆቹ ይተርፋሉ።»

ፊታቸውን ቀና ብዬ ሳይ ቀለማቸው ጠፍቷል።

«የመጀመሪያው ደህና ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ወዲያ ቢጫ?»

«አዎ፤ ምነው?»

«ባልየው ሌላ ቢሆንስ? ደሙ እንደሷ የሆነ ሰው?»

«ያኔማ ምንም የለም። ልጆቹ ደህና ናቸው።»

ቀኝ እጃቸው ያንን ግማሽ ክብ አየሩ ላይ ጀመረና መሀል ላይ ቀረ። «እንግዲያ ጋሻዋን ዞሬ የመጣሁባት እኔ ነኛ» አሉ።

እዚያው ነገሩኝ። ሚስት ነበረቻቸው፤ ከድጃ። የመጀመሪያዋ ልጃቸው አድጋ ዛሬ ዓረብ አገር ናት። ከሷ በኋላ ሦስት ወለዱ፤ ሦስቱም ስም ሳይወጣላቸው ቢጫ ሆነው ሞቱ። ሰዉ ከድጃ ሾተላይ አለባት አለ። ብረት ክፉውን ያርቃል ተብሎ የአያታቸውን ሾተል ከትራሷ ሥር አኖሩት፤ ሦስተኛው ልጅ የሞተው ሾተሉ እዚያው እያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ፍታት አሉ። ፈቷት። ስትሄድ ሾተሉን አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችና አፎቱን ይዛ ወጣች፤ ስፌቱ የእጇ ነበር። ኩታበር ወንድሟ ቤት ገባች፤ ሾተላይ ያለባትን ሴት ማን ያገባል?

«እርስዎ መሆንዎን አላወቁማ!» አልኳቸው፤ ላጽናናቸው ብዬ። «ደግሞ እማማ ከድጃ ሳይመረመሩ በእርግጥ አይታወቅም።»

«ደሙን አላወቅሁም» አሉ። «መፍታቱን ግን አውቄ ነው የፈታሁ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይማም እርጉዝ አደን ወጡ፤ ሌላ ስም የለውም። ቧንቧ ውሃ ላይ የገፋ ሆድ ካዩ አያሳልፉም። «አንቺ ልጅ፣ ስንተኛ ወርሽ ነው? ደምሽን ታይተሻል?» አንዱ ባል «በሚስቴ ምን አገባዎት?» ብሎ ሊደበድባቸው ደርሶ ነበር። «ሰጪው አላህ ነው፣ ሰበቡን የምታደርሰው ግን አንተ ነህ» ብለው እሱንም አሳምነው አመጡት። ሴቶቹን ሚኒባስ አሳፍረው ኮምቦልቻ ድረስ ያመጡልኛል። ደሴ ላይ መርማሪ ሞልቶ የለም ወይ ስላቸው «አንቺን ነው የማምን፤ የሌላው ፊቱ ያስፈራል» ይላሉ። ከገራዶ ያመጧት አንዲት ልጅ ኔጌቲቭ ሆና ተገኘች። መርፌው ጠፍቶ አገር ላገር ዞረው አስገኙ። ሁለተኛ ልጇን ወልዳ፣ ልጁ ቀይ፣ ጩኸታም ሆኖ ሲያዩት ዞረው ግድግዳውን ይዘው አለቀሱ። «ይህን አተረፍን፤ ሦስቱስ?» አሉኝ።

አንድ ቀን «ለእማማ ከድጃስ ነግረዋቸዋል?» አልኳቸው። «በምን ዓይኔ?» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም፤ የሰው ትዳር ነው ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻው የደረት ሕመም ጠናባቸው። ከሱቁ ቀሩ፤ እትዬ ሉባባ ናቸው የሚያስታምሟቸው። እኔ ለክትባት ዘመቻ ኩታበር መመደቤን ሰምተው አስጠሩኝ። ራቁቱን ሾተል ቤታቸው አምጥተው ከራሳቸው በላይ ሰቅለውታል። ጥርስ የላቸውም፤ ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ሰማኋቸው። «ከድጃን አግኚልኝ። ይማም አፎትሽን ላኪልኝ ይልሻል በያት። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ቀና ስል ሾተሉን አየሁት፤ በልቤ «ከመሞታቸው በፊት ሊያለብሱት ነው» አልኩ። ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ለአንድ አፍታ አልጠረጠርኩም። «አብሽሩ ጋሼ፣ ይዤልዎት እመጣለሁ» አልኳቸው። እንዴት ደስ እንዳላቸው! እጄን ይዘው ዱአ አደረጉልኝ።

ኩታበር እማማ ከድጃን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። መልእክቴን ተናገርኩ። ትኩር ብለው አዩኝና «አፎት?» አሉ። «አዎ፣ አፎቱን።» ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፍንጫቸው ወጣ። ገብተው በፌስታል ጠቅልለው አመጡትና እጄ ላይ ጣሉት። «ሌላ የቀረው ነገር ካለም ይንገረኝ በዪው» አሉኝ። ቅያሜ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን እኔ መልእክተኛ ነኝ ብዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ጋሽ ይማም ፌስታሉን ከፈቱት። የደረቀውን ቆዳ አገላብጠው፣ ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ወረቀት የሚፈልጉ ነበር የሚመስሉት። «ምን አለች?» አሉኝ። ያሉትን አንድ ሳላጎድል ነገርኳቸው። «እውነቷን ነው» አሉና በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ደክሟቸው ነው ብዬ ወጣሁ። በዘጠነኛው ቀን ነው የሞቱት።

ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጫለሁ። እትዬ ሉባባ ደረታቸውን እየመቱ ይናገራሉ። «ወንድሜ አፉታሽን ላኪልኝ ቢላት፣ አፎት ወርውራ ላከችለት! ያ ረቢ! የሴት ልብ እንዲህ ይጨክናል?» ሴቶቹ «አረመኔ!» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

አጠገቤ ወደነበረችው ሴት ዞርኩና «አፉታ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ይቅርታ ነዋ! አንቺ ደግሞ ከየት ነው የመጣሽ?»

እኛ አገር «አፉ በለኝ» ሲባል ሰምቻለሁ። አፉታን ግን አላውቃትም ነበር። ስንት ዓመት ወሎ ስቀመጥ እንዴት አመለጠችኝ? ሴቶቹ ከድጃን ይረግማሉ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ፈሪ ነኝ፤ ተሸፋፍኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ የመመርመሪያ ዕቃዬን በትንሿ ሳጥን አድርጌ ኩታበር ወጣሁ። እማማ ከድጃ ከቤቱ ውጭ፣ ግድግዳ ተደግፈው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ የወንድማቸው ልጅ ሚስት ወልዳ አራስ ናት። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ።

«አፉታ ነበር ያለው?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔም አፎት ስትዪኝ ገርሞኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ፣ ኋላ ለቁራጭ ቆዳ ሰው ይልካል? ብዬ ተናድጄ ነው እንደዚያ ያልኩሽ።»

«በትክክል ነግሬዎት ቢሆን አፉ ይሏቸው ነበር?»

አሰቡ። «እምቢ እል ነበር መሰለኝ። ሁለተኛ ሰው ቢልክ ደግሞ አስብበት ነበር።» ቀጥለውም «ለመሆኑ ዛሬ ምን ቆጭቶት ነው?» አሉኝ።

የደሙን ነገር ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ጣታቸውን ወጋሁና ከሳጥኗ ባወጣኋት መስታወት ላይ አንጠባጥቤ መድኃኒቱን ጨመርኩ። ቢቋጠር ፖዘቲቭ ነው። ባወዛውዘው ባወዛውዘው አልተቋጠረም። «ኔጌቲቭ ነዎት» አልኳቸው። «ሾተላይ የሚባል ነገር እርስዎ ላይ የለም። አልነበረምም።»

«እሱ ካወቀ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት።»

«አንቺስ?»

ልዋሽ አሰብኩ። «እኔም ሰባት።»

«የደሴን እርጉዝ ሁሉ በየቤቱ እየዞረ ያስመረምራል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «አብዷል ነበር የሚሉት። አንዳችሁ እዚህ ድረስ መጥታችሁ፣ ከድጃ፣ አንቺ አይደለሽም ብትሉኝ ምን ነበረበት? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አራስ ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንም አትግቢ አላለኝ፤ እኔው ነኝ የምቀር። የሰው ልጅ እንዳልገድል ብዬ። ይኸው አሁንም ውጭ ነኝ።»

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩና ቃሉ ራሱ አስፈራኝ።

ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ። እማማ ከድጃ ተነሱና በሩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ዞረው አዩኝ።

«አሁንስ እንዳልተሳሳትሽ እርግጠኛ ነሽ? ያን ጊዜም ተሳስተሽ ነበር።»

ሁለተኛ መስታወት አወጣሁ። ሌላ ጣታቸውን ወጋሁ። ጎንበስ ብለው እሳቸውም አብረውኝ አዩ፤ ደሙ አሁንም አልተቋጠረም።

«ያው ነው እማማ» አልኳቸው።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።